ጋሽ ልሳኑን ፍለጋ

ጋሽ ልሳኑ የሚባል ሰው በምድር ላይ የለም። እኔ ግን ከሁለት ዓመት በላይ በየቀኑ ሳነበው ኖሬያለሁ፤ ድምፁ ሲጠፋ ሰግቻለሁ፤ አንድ የነሐሴ ቅዳሜ ደግሞ እሱን ለማግኘት ሚዛን ተቀምጬ ቴፒን በስልክ አተራምሻለሁ። ነገሩ ለሰማው ሁሉ ቀልድ ይመስላል። ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሰናይት እባላለሁ። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እየጻፍኩ እተዳደራለሁ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ሸዋ ቤንችና ሚዛን ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ያስተማረ መምህር ነበር። ከሱ ሁለት ነገር ወርሻለሁ። አንዱ የፊደል ስህተት የማያመልጠው ዓይን ነው። ሌላው ኩራት ነው፤ እሱ እንኳ እንዲህ አልነበረውም፣ እኔ ጋ ሲደርስ ከፋ። ከገጠር የሚመጡ ባለጉዳዮች ቤንችኛ ወይም ሸኮኛ ለዛ ባለው፣ «አንቺ»ን «አንተ» በሚል አማርኛ ጉዳያቸውን ሲያስረዱኝ ትዕግሥት አልነበረኝም። «ገብቶኛል፣ እኔ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ» ብዬ አቋርጣቸዋለሁ። የምጽፈው ያሉትን ሳይሆን ሊሉ ይገባቸው ነበር ብዬ ያሰብኩትን ነው።

ያኔ ከሥራዬ ሌላ የነበረችኝ ዓለም ሰባት በር ናት። ሰባት በር ካርታ ላይ የለችም። ቴሌግራም ላይ የተሰባሰብን ሰዎች በጽሑፍ የፈጠርናት ከተማ ናት። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ በዚያ ሰው አፍ ብቻ ይጽፋል። አንዱ ቀጥቃጭ ነው፣ አንዷ ሙሽራ፣ አንዱ ዳኛ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለዋል፤ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። ሕጋችን ጥቂት ነው፤ በሌላው ሰው ገጸ ባሕርይ ላይ አትወስንም፣ የማንንም እውነተኛ ስምና አድራሻ አትጠይቅም። ከጨዋታው ውጪ ያለ ወሬ ካለ «ጓሮ» ብለን በሰየምነው ሌላ ቡድን ውስጥ ይወራል።

እኔ ዘነበች የምትባል የማደሪያ ቤት ባለቤት ሆኜ ገባሁ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ዛሬም ያሳፍረኛል። ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞትና ስለ ዕጣ ፈንታ በአንድ ትንፋሽ የሚያትት ስድስት አንቀጽ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ማንም መልስ አልሰጠኝም። ልወጣ ስል ጋሽ ልሳኑ መጣ።

ጋሽ ልሳኑ የሰባት በር ፖስተኛ ነው፤ ማንበብ የማይችል ፖስተኛ። ደብዳቤዎቹን በወረቀታቸው ሽታና በክብደታቸው፣ እንዲሁም ባለቤቱ በር ሲከፍት በሚያሳየው ፊት እየለየ የሚያድል ሽማግሌ ነው። ስድስቱን አንቀጾቼን ምንም ሳይላቸው አልፎ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ዘነበች፣ ጫማዬ ጭቃ ነው። ልግባ ወይስ ደጃፍሽ ላይ ልቁም? ደግሞ ያ ከጓዳሽ የሚንኳኳው ምንድን ነው?»

ጓዳዬ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር አልነበረም። ከጠየቀኝ በኋላ ግን መኖር ነበረበት። ብዙ አሰብኩና እግሩ የወለቀ አልጋ በድንጋይ እየመታች የምትጠግን ሴት ጻፍኩ። መጻፍ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። የፊተኛው ስድስት አንቀጽ አይቆጠርም።

ጋሽ ልሳኑን የሚጽፈው ሰው በቡድኑ ውስጥ «ጉም» በሚል ስም ነው የሚታወቀው። የጉም ችሎታ ይህ ነበር። ራሱ የሚጽፈው ያምራል፤ ከዚያ በላይ ግን አጠገቡ ያለው ሰው እንዲያምር ቦታ ይለቅለታል። በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሁልጊዜ ለሌላው የሚሆን ክፍት በር ይተዋል። እኔ በልቤ ስልሳ ዓመት የሞላው፣ አዲስ አበባ ተምሮ ያረጀ፣ ቤቱ ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ የሆነ ሰው አድርጌ ስዬው ነበር። ጽሑፎቹን በሙሉ ገልብጬ አትሜ፣ ጠርዤ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። መቶ አርባ ገጽ ሆኗል። ስለዚያ ጥራዝ ለማንም አልተናገርኩም። ለሱም «አደንቅሃለሁ» የምትል አንዲት መስመር ልኬለት አላውቅም፤ አፍራለሁ።

ሌላም ምስጢር ነበረኝ። አንድ ክረምት ጉም ለጨዋታው ማድመቂያ ብሎ የዝናብ ድምፅ ቀድቶ ላከልን። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ ግን፣ ከሩቅ፣ አንድ የሚኒባስ ረዳት ሲጣራ ይሰማል፤ «ሚዛን አንድ ሰው! ሚዛን አንድ ሰው!» ረዳት «ሚዛን» እያለ የሚጮኽባቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው። ጋሽ ልሳኑ ደግሞ ስለ ሙቀትና ስለ እርድ ሽታ ነጋ ጠባ ይጽፋል። ቴፒ ነው አልኩ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር። ሕጋችን ሕግ ነውና ዝም አልኩ።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ ደረሰ።

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ፊት ለፊቴ አቶ በቀለ የሚባሉ ከሸዋ ቤንች የመጡ ገበሬ ተቀምጠው የመሬት ማመልከቻ ያጽፉኛል። አንዱን እጄን ቁልፎቹ ላይ፣ አንዱን ዓይኔን ስልኬ ላይ አድርጌያለሁ። ምክንያቱም ያን ቀን በሰባት በር ሠርግ ነው። የቀጥቃጩ ልጅ ትዳራለች፤ ለወራት የጠፋው ወንድሟ የላከውን ደብዳቤ ደግሞ ጋሽ ልሳኑ ይዞ እየመጣ ነው። ሁላችንም ይህን ትዕይንት ለሳምንታት ስንጠብቅ ኖረናል።

የመጀመሪያው መልእክት ደረሰ።

«ደብዳቤው ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ከቤት ስወጣ ቀላል ነበር፤ ድልድዩን ስሻገር ከበደ። ወረቀት መንገድ ላይ ይወፍራል እንዴ?»

ጓሮ በልብ ምልክት ተጥለቀለቀ። ከደቂቃዎች በኋላ ሁለተኛው መጣ።

«ዘነበች ቀዘቀዘኝ። ልብሴ ረጠበ ዝናብ የለም ግን ረጠበ»

መጨረሻው ላይ አራት ነጥቡ የለም። ጉም አራት ነጥብ ረስቶ አያውቅም። ሦስተኛው ሲመጣ እንዲህ ይላል፤

«ዘነበቸ በረ የተ ነወ»

ወዲያው አራተኛው ተከተለ።

«ሰከረ ሰከረ ዘነበቸ»

ጓሮ ፈነዳ። «ጋሽ ልሳኑ ሰከረ!» አለ አንዱ። «ፊደሉን ሳይቀር አሰከረው እኮ! እንዲህ ያለ ጸሐፊ የት ይገኛል!» አለች ሌላዋ። እጅ የሚያጨበጭቡ ምስሎች እርስ በርስ ተደራረቡ።

እኔ ግን በፊደል የምበላ ሰው ነኝ። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ፊደሎቹ ሁሉ ግዕዝ ናቸው። «በሩ የት ነው» ሊል ፈልጎ «በረ የተ ነወ» ሆኗል። በስልክ ስንጽፍ መጀመሪያ ፊደሉን እንነካለን፣ ከዚያ ካዕቡን ወይም ሣልሱን እንመርጣለን። የዚህ ሰው ጣት መጀመሪያውን ነክቶ ሁለተኛውን መምረጥ አቅቶታል። እንግዲያውስ «ሰከረ» ምንድን ነው? ሰ፣ ከ፣ ረ። አናባቢውን መልሼ አስገባሁለት።

ስኳር።

«ስኳር ስኳር ዘነበች» ነው የሚለው።

ማመልከቻውን ተውኩት። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። መርፌውን ወግቶ ምግብ ከዘገየበት ላብ ያሰምጠዋል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ቃል ይጠፋበታል። አንድ ቀን ገበያ ዳር ተቀምጦ ሲንተባተብ ያዩት ሰዎች ሰክሯል ብለው ስቀው አለፉት፤ መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው! ጠርተውኝ ስደርስ ዘግይቼ ነበር።

«ምነው ልጄ? ምን ሆነህ?» አሉኝ አቶ በቀለ።

ጓሮ ላይ «ይህ ጨዋታ አይደለም! ሰውዬው ታሟል!» ብዬ ጻፍኩ። «ዘነበች፣ እባክሽ ትዕይንቱን አታበላሺ» አለኝ አንዱ። ለጉም ለብቻው ጻፍኩለት፤ አላየውም። በቴሌግራም ደወልኩለት፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ለቡድኑ አስተዳዳሪ፣ በጨዋታው ዳኛ ለሆነው ለኤፍሬም ደወልኩ። እውነተኛ ስሙንና ሐዋሳ መኖሩን ራሱ የነገረን እሱ ብቻ ነው።

«የጉም ስልክ ቁጥር አለህ?»

«የማንም የለኝም። ሕጉን ታውቂያለሽ።»

«ኤፍሬም፣ ሰከረ አይደለም የሚለው። ስኳር ነው የሚለው። እንደገና አንብበው።»

«ወይኔ!» አለ። «ዘነበች፣ ምን እናድርግ?» እውነተኛ ስሜን እንኳ አያውቀውም።

«የሚያውቀው ሰው ካለ ጠይቅ። ሌላው ሁሉ ደግሞ በተራ በተራ ይደውልለት፤ ጥሪው እንዳይቋረጥ። የሚፈልገው ሰው የስልኩን ጩኸት ይስማው።»

«ማን ነው የሚፈልገው?»

እሱን እኔም ገና እያሰብኩ ነበር። ያኔ ሻፊ ትዝ አለኝ። ሻፊ በሚዛንና በቴፒ መካከል ሚኒባስ የሚነዳ የስልጤ ልጅ ነው፤ የማኅበራቸውን ወረቀት የማዘጋጅላቸው እኔ ነኝ።

«ሻፊ፣ የት ነህ?»

«ቴፒ መናኸሪያ። ተራዬ ሊደርስ ሁለት መኪና ነው የቀረኝ። ምነው ሰኒ?»

«አንድ ሰው ልታገኝልኝ ነው። ስሙን አላውቅም። መልኩንም አላውቅም።»

ሳቀ። «ታዲያ ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ቤቱን» አልኩት።

መሳቢያውን ስቤ ጥራዙን አወጣሁ። መቶ አርባ ገጽ ሙሉ ጋሽ ልሳኑ ስለ ቤቱ ሲያወራ ኖሯል፤ ሰባት በር ውስጥ ያለ ቤት ነው ተብሎ። እኔ ግን ማንም ሰው አንዲት ቤት ሳያይ እንዲህ አድርጎ እንደማይፈጥር ተማምኜ ነበር። ሻፊ ሳቁን አቆመ። በምን ዓይነት ድምፅ እንዳወራሁት አላስታውስም፤ «ወላሂ የምርሽን ነው» ብሎ ለተሳፋሪዎቹ ይቅርታ ሲጠይቅና ሲሰደብ ሰማሁት።

ቅጠሉን እየገለበጥኩ አነበብኩለት። «ሰንጣቂዎቹ ለምሳ ሲያርፉ ጆሮዬ ይጮኻል።» ጣውላ መሰንጠቂያ አጠገብ ነው ማለት ነው።

«መሰንጠቂያ ሁለት አለ» አለ ሻፊ። «አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች።»

«እርድ የሚቀቅሉት ሴቶች ጭሱን ወደኔ ሲልኩት ነጩ ጺሜ ቢጫ ይሆናል።»

«እርድ እዚህ የማይቀቅል አለ እንዴ!»

አቶ በቀለ ከወንበራቸው ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። «እርድ ብዙ ሲሆን፣ ውሃ ብዙ ይፈልጋል» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው ውሃ ተሸክሞ ዳገት አይወጣም። ወንዝ ያለበት ነው። ታች በለው።» ጠዋቱን ሁሉ ሳቋርጣቸው የዋልኩት ሰውዬ ናቸው።

«ታች ነው ሻፊ! ወንዙ ጋ!»

ሮጠ። ጭቃው ሲንቦጫረቅ በስልኩ ይሰማኛል። «ጓሮዬ ያለው አቮካዶ ሲበስል ቆርቆሮዬን ይደበድባል፤ እንግዳ መጣ ብዬ ስንቴ በር ከፈትኩለት» የሚለውን አነበብኩለት።

«አቮካዶ ያለው ቤት አየሁ! የምትፈልጊው ሰው ወንድ ነው ሴት?»

«ሽማግሌ ነው» አልኩ። «ሽማግሌ ይመስለኛል።»

በር ሲደበደብ ሰማሁ። ከዚያ የሰው ጩኸት። እውነትም ሽማግሌ ናቸው፤ ጤነኛ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ያሉ፣ በጣም የተቆጡ ሽማግሌ። ሻፊ ይቅርታ ሲጠይቅ የሄደው ጊዜ ዓመት መሰለኝ። ይባስ ብሎ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ደወልኩ፤ እምቢ አለ። ደግሜ ደወልኩ፤ እምቢ አለ። አቶ በቀለ ጃንጥላቸውን አንስተው ወደ ውጭ ጠቆሙኝ። ወጥቼ መንገዱ መሃል ቆምኩ፤ እሳቸው ጥራዙ እንዳይረጥብ ጃንጥላውን ያዙልኝ። እዚያ ሆኜ ገባልኝ።

«ሰኒ፣ እዚህ ያለው ቤት ሁሉ አቮካዶ አለው። ሌላ ነገር ንገሪኝ!»

ገለበጥኩ። ገለበጥኩ። ገጽ ዘጠና አካባቢ አገኘሁት። «ቤቴ ከመንገድ በታች ነው። ዘጠኝ ጎማ ተቀብሮ ደረጃ ሆኗል፤ ዝናብ ሲመጣ ስድስተኛው ይከዳል።»

«የጎማ ደረጃ አውቃለሁ» አለ ሻፊ። «ጎማውን የሰጠናት እኛ ሾፌሮቹ ነን። ግን እዚያ ሽማግሌ የለም። ዩኒፎርም የምትሰፋ አንዲት ሴትዮ ናት ብቻዋን የምትኖረው። አማርኛ እንኳ ብዙም አትችልም። የሷ ሊሆን አይችልም።»

እኔም አይሆንም ልል ነበር። ከዚያ ዓይኔ ክፍት የነበረው ገጽ ላይ አረፈ። ጋሽ ልሳኑ አንድ ሰው ሲያገኝ ከምን ይጀምራል? ከፊቱ አይጀምርም። ከኮሌታው ነው የሚጀምረው። ማን እጅጌው እንደተጣፈ፣ የማን ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር እንደተተከለ፣ የየትኛዋ ሙሽራ ቀሚስ ወገቡ ላይ እንደጠበበ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንብቤዋለሁ፤ አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

«ልብስ ሰፊ ናት!» ብዬ ጮኽኩ። «እሷ ናት ሻፊ! ግባ!»

ስድስተኛው ጎማ ላይ ተንሸራትቶ ሲወድቅ ሰማሁ። ተነሳ። ከዚያ፣ ከበሩ ወዲያ፣ ሳያቋርጥ የሚጮኽ ስልክ ሰማሁ። ኤፍሬምና ጓደኞቹ ናቸው፣ ከየአገሩ፣ በተራ በተራ።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሻፊ ከመሰንጠቂያው ሰዎች ጠርቶ በሩን ገነጠሉት። ወለሉ ላይ፣ ከስፌት መኪናው ሥር ወድቃለች። ልብሷ በላብ ርሷል። ስልኳ እጇ ውስጥ ነው።

«ትተነፍሳለች!» አለ ሻፊ። «ሰኒ፣ ውሃ ላጠጣት?»

«እንዳታጠጣት! አትውጥም፣ ያንቃታል። በጎኗ አስተኛት። ማር ወይም ስኳር ፈልግ፤ በጣትህ ድዷ ላይ ቀባ ቀባ አድርግላት፤ ከዚያ ባጃጅ ጥራና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሐኪሞቹን ስኳር ወርዶባት ነው በላቸው!»

ስልኩ ተዘጋ። እኔና አቶ በቀለ ዝናቡ መሃል ተያይተን ቆምን።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሻፊ ደወለ። «ግሉኮስ ተክለውላታል። ዓይኗን ገለጠች» አለኝ። እዚያው መንገዱ ላይ አለቀስኩ። አቶ በቀለ «ሂድ ልጄ፣ የኔ ወረቀት ሰኞ ይደርሳል» አሉኝና ሱቄን አብረውኝ ቆልፈው ሄዱ።

ወደ ቴፒ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የሸኮን ዳገት በጭጋግ ውስጥ ሲጎተት ጥራዙን ደረቴ ላይ ይዤ ምን እንደምላት አስብ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቴፒ ደረስኩ። ሻፊ ተሳፋሪዎቹን ለሌላ መኪና አስረክቦ፣ ከነጭቃው፣ አልጋዋ ሥር ቁጭ ብሏል። ዘመድ ስላልነበራት ትቷት መሄድ አልቻለም።

ወይዘሮ ታደለች ትባላለች። የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ቀጭን፣ ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ። የትምህርት ቤት መከፈቻ በመድረሱ የዩኒፎርም ሥራ በዝቶባት፣ ጠዋት መርፌዋን ወግታ ምሳ ሳትበላ፣ «ደብዳቤውን ላድርስና እበላለሁ» እያለች ስትጽፍ ነው የወደቀችው።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ቤቴን ማን ዘጋ?» የሚል ነበር።

«በሩን ሰብረነዋል እትዬ» አላት ሻፊ፤ «ግን የመሰንጠቂያው ልጆች ጣውላ መትተውበታል።»

ወደኔ ዞረች። «ዘነበች ነኝ» አልኳት። ሌላ የማውቀው መግቢያ አልነበረኝም።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ዘነበች ወፍራም ነበረ» አለች። «አንተ ቀጭን ነህ።»

ሻፊ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ። እኔ አልሳቅኩም። ሱቄ ገብታ እንዲህ ብትናገረኝ ኖሮ «ገብቶኛል፣ እኔ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ» የምላት ሴት ናት። መቶ አርባ ገጽ እንደ መማሪያ መጽሐፍ የቆጠርኩትን የጻፈች እጅ ደግሞ አንሶላው ላይ አርፋለች። አፈርኩ።

ፊቴን አንብባው መሰለኝ፣ ቀስ እያለች ነገረችኝ። አፍ የፈታችው በሸኮኛ ነው። አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጣለች። «ስናገር ጊዜ የለም» አለች። «ሰው ያየኛል፣ ይስቃል፣ ቃል ይሸሻል። ስጽፍ ግን ጊዜ አለ። አንዱን ቃል ሦስቴ አየዋለሁ። ይሄ እሱ ነው፣ እሷ ነው፣ እጠይቃለሁ። ልብስም እንዲህ ነው። ከመቁረጥ በፊት ትለካለህ።»

«ጋሽ ልሳኑስ ከየት መጣ?»

«አባቴ ነው። ስሙን ብቻ ቀየርኩ። የመንግሥት ወረቀት ተሸክሞ እስከ ማጂ በእግሩ ይሄድ ነበር። ማንበብ አይችልም። ሲመጣ፣ በሩን የከፈተው ሰው ፊቱ እንዴት እንደሆነ ይነግረኛል። እኔ ደግሞ፣ ወረቀቱ ምን እንደሚል፣ ከፊቱ እገምታለሁ። ጨዋታችን ነበር።»

ጥራዙን አወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልላት ፈልጌ ያላልኳትን በአንድ ጊዜ ዘረገፍኩት፤ እንደማደንቃት፣ ከሷ እንደተማርኩ፣ ያን የመጀመሪያ ቀን ባትጠይቀኝ ኖሮ ወጥቼ እንደነበር። ገጾቹን ዳሰሰቻቸው። ወረቀት ላይ ታትሞ አይታው አታውቅም።

«አንብብልኝ» አለች። «በሰው ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።»

አነበብኩላት። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። ከአጠገባችን ያለችው ታማሚ «እኔም ልስማ እንጂ» አለች፤ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። አስታማሚዎች ወንበራቸውን አስጠጉ። ነርሷ መድኃኒት ልትሰጥ መጥታ ቆመች። ወይዘሮ ታደለች ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ ተኝታለች ብዬ ሳቆም ዓይኗን ሳትገልጥ «ያ መስመር ረዝሟል» አለች። «ግማሹን ቁረጥ።»

ውድ አንባብያን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ሱቄ የሚመጣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፤ የጻፍኩትን መልሼ አነብለታለሁ፤ «ያልኩት ይሄ ነው» ሲለኝ ብቻ አትማለሁ። የአቶ በቀለን ማመልከቻ ሰኞ የጻፍኩት እንዲህ ነው፤ በራሳቸው አነጋገር። ስጽፋቸው ከኖርኳቸው ማመልከቻዎች ሁሉ የሚሻል ሆኖ አገኘሁት።

ወይዘሮ ታደለችን አዳንሻት የሚሉኝ አሉ። ያዳናት ሻፊ ነው፤ አቶ በቀለም ናቸው፤ ድምፁን ሰምተው ለማያውቁት ሰው ስልክ ሲደውሉ የዋሉት የሰባት በር ሰዎችም ናቸው። እኔ ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፤ በደንብ አንብቤያታለሁ። ስለ ንባብ ሰዎች ብዙ የሚያምር ነገር ሲናገሩ እሰማለሁ፤ እኔ ከዚህ የበለጠ የማውቀው የለኝም። የምታደንቁት ሰው ካለ፣ ፊቱን ባታውቁትም፣ በደንብ አንብቡት። ከዚያ ደግሞ ንገሩት። እኔ ለመናገር በር እስኪሰበር መጠበቅ አልነበረብኝም።

አሁን በየቀኑ በምሳ ሰዓት «በልተዋል?» ብዬ እደውልላታለሁ። «በላሁ፣ ሰዓቱን ዕይ፣ ሥራ አለኝ» ብላ ትዘጋብኛለች። ጓሮ ላይ የሚጽፉ ሁሉ አሁን ስኳር ሲወርድ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃሉ።

ባለፈው ወር ደግሞ ሻፊ ሰባት በር ገባ። በሕይወቱ ከትርፍ ተሳፋሪ ክስ መልስ በቀር ምንም ጽፎ አያውቅም። በቅሎ ነጂ ሆኖ ገባና አንዲት መስመር ጻፈ፤ «እኔ ሻፊ በቅሎ ይዥ መጣው ሰላም ናቹ»። እኔ በልማዴ ስህተቱን ልቆጥር ጀምሬ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ማንም አልመለሰለትም።

ከዚያ ጋሽ ልሳኑ መጣ። «በቅሎዋ አንዱን ጆሮዋን ለምን አዘነበለች? የምትሰማው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀው።

ሻፊ ሚዛን መናኸሪያ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲጽፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ረዳቱ «ሞልቷል፣ እንሂድ!» እያለ ይጮኻል፤ ሻፊ «ቆይ አንዴ፣ በቅሎዋ የሰማችውን ልናገር» ይላል።